ሦስተኛው አባት

«አያታችን ቦራን ዛሬ መናኸሪያው በር ላይ አገኘኋቸው፤ ሽንኩርት ጭነዋል» አለኝ ማርቆስ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ፣ ገና ሳይጨርሰው እየሳቀ።

የማርቆስ ሳቅ ሁልጊዜ ከቀልዱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ያን ቀን ግን መንገድ ላይ ቀረ። ፊቴን ስላየ ነው። እኔ ምላሴን እንጂ ፊቴን ማዘዝ አልችልም።

ከዚህ በታች ያለውን ሙሉውን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሆሳዕና ዙሪያ፣ ሌሞና ሶሮ ውስጥ፣ ግማሹን የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ፤ በየገበያው ሲያወራው ሰምቻለሁ፣ እየጨመረበት ነው የሚያወራው። ሙሉውን የማውቀው ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ እናንተ ቁጭ በሉና ስሙኝ። እኛ ጴንጤዎች ነን፣ የንስሐ አባት የለንም፤ በቀጥታ ለጌታ ነው የምንናገረው። ለጌታ ነግሬዋለሁ። ዝም አለኝ። ዝም ሲለኝ ጊዜ ወደ እናንተ መጣሁ። በአማርኛ የምጽፈውም አባቴ አማርኛ ማንበብ ስለሚሰለቸው ነው፤ ይህንንም አብሬ ልናዘዝ።

ስሜ ትዕግስት ነው። ስሙን ያወጣችልኝ የአባቴ እናት ናት፤ በሕይወቷ የተሳሳተችው እሱን ብቻ ይመስለኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ውጤቱ የትም አላስገባኝም፣ ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ባለች ሻይ ቤት እሠራለሁ። ሰው «ፊት ለፊት ተናጋሪ ናት» ይለኛል። «ሻዩ ቀዝቅዟል» ያለኝን ወያላ «አፍህ ስለሞቀ ነው» ብዬዋለሁ። ፓስተራችንን እንኳ «ስብከትዎ ዛሬ ረዝሟል» ብያቸዋለሁ። እና እንዲህ ያለችው እኔ፣ «አልፈልግም» የምትል አንዲት ቃል ማውጣት አቅቶኝ ሰው ፈጠርኩ። አዎ፣ ፈጠርኩ። ኖሮ የማያውቅ ሰው ፈጠርኩ። ፈጥሬ ገደልኩት፤ ገድዬ የአባቴ ቅድመ አያት አደረግሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ መጀመሪያ አባት ይቆጠራል። የልጁ ወገን እስከ ሰባት አባት ይቆጥራል፣ የልጅቷም ወገን እስከ ሰባት። አንድ ስም ላይ ከተገናኙ ልጆቹ ወንድምና እህት ናቸው፤ ምሳው ይበላል፣ ይመረቃል፣ የጋብቻው ወሬ እዚያው ይዘጋል። ፓስተርም አይከፍተው፣ ቀበሌም አይከፍተው።

ለአባቴ ለአቶ ኤርጫፎ ይህ ቆጠራ ጠላቱ ነው። አባቱ ከወዴት እንደመጣ ሳይናገር ሌሞ ገብቶ፣ በሰው መሬት ላይ እንሰት ተክሎ፣ ሚስት አግብቶ፣ አባቴ የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ሞተ። ስለዚህ አባቴ «ላቴቦ፣ ሄራሞ» ይልና ሳል ይይዘዋል። ሁልጊዜ ሁለተኛው ላይ። ልቅሶ ቤት ሁለት ቆጥሮ ይስላል፤ ሠርግ ቤት ሁለት ቆጥሮ ይስላል። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ውኃ ያቀብለዋል። ግን ሰባት የማይቆጥር ሰው በሸንጎ ሲናገር ይሰሙታል እንጂ አይጠይቁትም። እኔ ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። አይቼ ነው ያደረግሁት። ይህን ያዙልኝ።

ማርቆስ የሶሮ፣ የጊምቢቹ ሰው ነው፤ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል። ዕቃ ሊያወርድ ሆሳዕና ሲመጣ ሻይ ቤታችን ይገባል። ስሰድበው ወደደኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው? ሌላው ሲሰደብ ሌላ ሻይ ቤት ይሄዳል፤ እሱ ሽማግሌ ላከ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አባቴ ጠራኝና፣ «ልጁን ትፈልጊዋለሽ ወይ?» አለኝ። ጠየቀኝ እኮ! በአገሩ ስንት ልጅ ሳትጠየቅ ትሰጣለች፤ እኔን ግን አባቴ ዓይኔን እያየ ጠየቀኝ። እኔስ ምን አልኩ? «አንተ እንዳልክ፣ አባዬ።»

ለምን እንዲህ አልኩ? አባቴን ላሳዝነው ስላልፈለግኩ ልበል? ያምርልኝ ነበር። ውሸት ነው። የማርቆስ ወገን ብዙ ነው፣ የተከበረ ነው፤ እነሱን እንቢ ያለች ልጅ መባልን ፈራሁ። ለካ ምላሴ የሚሠራው ሻይ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ማርቆስንም ጠልቼው አልነበረም። አንገቱ ይረዝማል፣ በየቃሉ መሐል «በጌታ» ይላል። በዚህ ሰው ይጠላል? የጠላሁት ጊምቢቹ ገብቼ ከሚስማር ሣጥን ጀርባ ተቀምጬ ማርጀትን ነው። ይህንንም ቢሆን መናገር ይቻል ነበር። አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሽማግሌዎች መጡ። ከእነሱ በፊት ግን አንድ ፈረስ መጥቶ ነበር። የጋሪ ፈረስ ነው፤ በራችን ላይ ቆሞ አልሄድም ብሎ፣ ባለጋሪው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ለመነው። «ቦራ! ኧረ ቦራ! ቦራዬ፣ አታዋርደኝ!» እኔ ደጅ እየጠረግሁ ነበር። ልመናው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ገቡ፣ ጸሎት ተደረገ። ትልቁ ሽማግሌ አቶ ሱልዶሎ የማርቆስን አባት የአቶ ሀንዲኖን አባቶች ሰባቱንም እንደ ውኃ አወረዱት። መሐል ላይ ሻሜቦ የሚባል ነበረ። ከዚያ ተራው የአባቴ ሆነ። «ላቴቦ» አለ አባቴ። «ሄራሞ።» ሳለ። ባርኔጣ ያደረጉት ሽማግሌ ውኃ አቀበሉት። እኔ በቅቤ የራሰውን የቡላ ምግብ፣ አተካናውን፣ በሳህን ይዤ የጓዳው በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ቅቤው ወደ እጄ ይወርዳል። አቶ ሱልዶሎም፣ «እንግዲህ የሚገናኝ ነገር ከሌለ…» ብለው ወደ ጋብቻው ሊገቡ አፋቸውን ከፈቱ።

እኔ ቀደምኳቸው።

«አያቴ ሳትሞት ነግራኝ ነበር» አልኩ። «የሄራሞ አባት ቦራ ነው ብላለች። ቦራ የሻሜቦ ልጅ፣ ከሶሮ የመጣ።»

ይኸው ነው። ሁለት ትንፋሽ አይሞላም። አያቴ ይህን አላለችም። አያቴ ስትሞት የነገረችኝ ጓዳ ያለውን ቡላ ለጎረቤት እንዳላበድር ነው። እኔ ግን የሞተች ሴት አፍ ተዋስኩ፤ የፈረስ ስም ተዋስኩ፤ የሰው ሻሜቦ ተዋስኩ። የራሴ የሆነ ነገር ቢኖር ድፍረቱ ብቻ ነው።

ይጠይቁኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ማን ይጠይቀኝ? አቶ ሱልዶሎ ጉልበታቸውን በእጃቸው መቱና፣ «ሻሜቦ የጠፋ ልጅ ነበረው!» አሉ። ባለባርኔጣው ቀጠሉ፦ ልጁ የጠፋው በበሬ ምክንያት ተጣልቶ ነው፣ ይህን ከአባታቸው ሰምተዋል። ሦስተኛው የሄደበትን መንገድ አወቁ። አራተኛው ግራኝ እንደነበረ አስታወሱ። እኔ የሰጠኋቸው ስም ብቻ ነው፤ አተካናው ሳይቀዘቅዝ ቦራ ቁመት አወጣ፣ እልኸኛ ሆነ፣ በሬውም ቀለም ነበረው። ዳለቻ ነበር አሉ። እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ ሰማሁ፤ «ከዚያስ?» ልል ምንም አልቀረኝም።

አባቴ አለቀሰ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ሳህኑ ፊት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው አንገቱን አቅፈው ሳሙት። ምሳው ተበላ፣ ተመረቀ፣ የጋብቻው ወሬ እዚያው ተዘጋ። እኔ ጓዳ ገብቼ እጄን ታጠብኩና በደስታ ዘለልኩ። ዘለልኩ! አባቴ እያለቀሰ እኔ ጓዳ ውስጥ ዘለልኩ።

ከባል አመለጥኩ፣ ወንድም መጣብኝ። ማርቆስ በሳምንቱ ሻይ ቤት መጥቶ፣ «እህቴ» አለኝ። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር ሊያጫውተኝ የተቀመጠውን ሁሉ በዓይኑ ያስነሣል። «ቲጂ፣ ሻርፕሽን።» «ቲጂ፣ ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?» እጮኛ ቢሆን እኮ ሃያ ቀን አኩርፎ ይሄድ ነበር፤ ወንድም ማኩረፍ እንኳ አያውቅም። እናቱ በእጁ ቡላ ይልኩልኛል፣ «ለልጃችን» ብለው። በላሁት። ጣፋጭ ነበር።

አክስቱ እትዬ ጡሩነሽ፣ የአቶ ሀንዲኖ ታላቅ እህት፣ መጀመሪያ ጊምቢቹ የሄድን ቀን ጫማዬን አስወለቁኝ። ቁርጭምጭሚቴን ይዘው፣ «ይኸው!» ብለው ጮኹ። «የሻሜቦ ዘር አጥንቱ እዚህ ላይ ሾል ይላል። ይሄ አጥንት አይዋሽም።» ቤቱ ሙሉ ሰው እግሩን አወጣ፤ ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ እግር አየ። የአባቴ ተገኘ፣ የአቶ ሀንዲኖ ተገኘ። አባቴ ሲያነጥስ እንደ አቶ ሀንዲኖ ሟች አጎት ነው ተባለ። እውነቱን አንድ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፤ እኔ ራሴ ግን ቤት ገብቼ በሬን ዘጋሁና እግሬን መስታወት ፊት አቆምኩት። ሾል ብሏል! እምላለሁ፣ ሾል ብሏል። አንድ ቀን ደግሞ ሻይ ቤት ውስጥ ያመናጨቀኝን ሰው፣ «የማን ዘር መሆኔን ታውቃለህ?» ብዬዋለሁ። የማን ዘር ልሁን? የፈረስ!

አባቴስ? አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ሳሉ ጠፋ። ልቅሶ ቤት ሲገባ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው፤ ሰባቱን ይቆጥራል፣ ሳይጠይቁትም ይቆጥራል። ሌሞ ውስጥ ሁለት ቤቶች በወሰን ሲጣሉ መጥተው «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት። በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። እቤት መጥቶ ለእናቴ፣ «ጠየቁኝ» አላት። ሌላ ምንም አላለም፤ «ጠየቁኝ» ብቻ። እኔ ይህን ሰምቼ ምን አሰብኩ መሰላችሁ? ጥሩ ሠራሁ ብዬ አሰብኩ። ውሸቴን እንደ ስጦታ አየሁት። ከዋሸሁት ይልቅ ይህ ያሳፍረኛል።

እንዲህ ዓመት ሞላን። የአቶ ሀንዲኖ ወገን ለቅዳሜ ጊምቢቹ ላይ ትልቅ ስብሰባ ጠራ። አባቴ በዘመድ ሁሉ ፊት ቆሞ ሰባቱን ይቆጥራል፤ አቶ ሀንዲኖም የጠፋው ወንድም ድርሻ ነው ብለው ከጓሯቸው የእንሰት ቦታ ቆርጠው ይሰጡታል። ይጸለያል፣ ይበላል። ማርቆስ ቦራን ከነሽንኩርቱ ያገኛቸው እንግዲህ ከዚያ ቅዳሜ ቀድሞ ባለው ረቡዕ ነው።

እሱ ቀልዱን ነው የተናገረው። ምንም አልጠረጠረም። ባለጋሪው «ቦራ፣ ቦራዬ» እያለ ሲለምን ሰምቶ፣ ትስቃለች ብሎ ነው ይዞልኝ የመጣው። እኔ ግን ብርጭቆው ከእጄ ወደቀ።

«ምነው ቲጂ? ፈረስ ነው እኮ ያልኩሽ።»

«ፈረሱን አውቀዋለሁ» አልኩት።

ዝም ብል ምን ነበረበት? ግን ዓመት ሙሉ ታፍኖ የኖረ ነገር ቀዳዳ ሲያገኝ አያስፈቅድም። ማርቆስ ተቀመጠ። ሚስማር ሻጭ ነው፤ ነገር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ከገባ ግን አይነቀልም።

«ሻሜቦስ?»

«ከእናንተ ቆጠራ ላይ ነው የወሰድኩት።»

«አያትሽስ?»

«ምንም አላለችም።»

«ታዲያ እኔና አንቺ…»

«ምንም አይደለንም።»

ጠረጴዛውን አየ። ብርጭቆ የተሰበረበትን መሬት አየ። ከዚያ «ዓመት ሙሉ ጾሜያለሁ» አለኝ። «በየሳምንቱ፣ ረቡዕ ረቡዕ። ዛሬም ጾሜ ነው የመጣሁት። እህቴን የተመኘሁ መስሎኝ እኮ ነው። ፓስተሩ ጋ ሄጄ አልቅሻለሁ፤ እጃቸውን ጭነው ጸልየውልኛል፣ ይህ የርኩሰት መንፈስ ነው ብለው።»

ሳቄ መጣ። ይህንንም እናዘዛለሁ፤ ሳቄ መጣ፣ ከንፈሬን ነክሼ መለስኩት። ቀና ስል ዓይኑ ሞልቷል። ያ ሁሉ «ሻርፕሽን»፣ ያ ሁሉ ወንድምነት፣ ለካ ሰውየው ከራሱ ጋር ሲታገል ነው። እኔ ጓዳ ውስጥ ስዘል እሱ ጊምቢቹ ላይ ራሱን ርኩስ ነኝ ብሎ ተንበርክኳል። ስንት ረቡዕ? እናንተ ቁጠሩት፣ እኔ አልችልም። ይህን ሰው ዓመት ሙሉ በአንገቱና በሳቁ ነበር የማውቀው።

«እንቢ ብትይ እኮ እሄድ ነበር» አለኝ። «አንዲት ቃል ናት። ሌላውን ሁሉ ፊት ለፊት ትናገሪ የለ?»

«ቅዳሜስ?» አልኩት።

«እኔ ለማንም አልናገርም። አያቱ ያንቺ ናቸው።» ተነሣ፣ «በጌታ» ሳይል ወጣ።

አርብ ጠዋት ለአባቴ ልነግረው ጓሮ ሄድኩ። ከእንሰቱ መሐል ድምፁ ይሰማኛል። እየተለማመደ ነው! አንድ እንሰት ሥር ይቆምና «ላቴቦ» ይላል፤ ወደሚቀጥለው ይሄድና «ሄራሞ» ይላል። ሦስተኛው ሥር ቆመ፣ ግንዱን በእጁ መታ መታ አደረገና «ቦራ» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ቅጠሉ አናቱ ላይ እንደ ጥላ ተዘርግቷል። ንገሩኝ፣ ለእንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተብሎ ይነገራል? ተመልሼ ልሄድ ዞርኩ። ሁለት እርምጃ ሄድኩ። ተመለስኩ።

ነገርኩት። ፈረሱን ብቻ አልነገርኩትም። ስሙን ከጭንቅላቴ አወጣሁት አልኩ። እስከ ዛሬም የምናውቀው እኔና ማርቆስ ብቻ ነን፤ አሁን እናንተም። አባቴ ዓመት ሙሉ በየልቅሶ ቤቱ ቀና ብሎ የጠራው ስም የጋሪ ፈረስ መሆኑን እንዲሰማ አልፈልግም። ይህ ደግነት ነው ወይስ ሁለተኛ ውሸት? አላውቅም። ሁለተኛ ውሸት ይመስለኛል።

አባቴ አልጮኸብኝም። ሦስተኛው እንሰት ላይ ያለውን እጁን ቀስ ብሎ አነሣ።

«እናቴ ምንም አልነገረችሽም?»

«ምንም።»

«ስለ ቦራም፣ ስለ ማንም?»

«ስለ ማንም፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ከእኔ አልደበቀችም» አለ።

እኔ ደንቆሮዋ ይህን አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። ሰባት አባት ሰጠሁት ብዬ ስኩራራ፣ ለካ እናቱን ወስጄበት ነበር። ዓመት ሙሉ ሌሊቱን የሚያስበው ይህን ነው፤ እናቴ ለልጅ የነገረችውን ለእኔ ስለምን አልነገረችኝም፣ ምን በድያት ነው እያለ።

«ሂጂ፣ የነገ ልብስሽን አዘጋጂ» አለኝ። «እንሄዳለን።»

ቅዳሜ ጊምቢቹ ደረስን። የአቶ ሀንዲኖ ግቢ ድንኳን ተጥሏል፣ ሰው እንደ ገበያ ሞልቷል። እትዬ ጡሩነሽ ቁርጭምጭሚቴን በዓይናቸው እየፈለጉ ሳሙኝ። ማርቆስ ድንኳኑ ጥግ ቆሟል፤ አላየኝም፣ ወይም አላየሁሽም ብሏል። ጸሎት ተደረገ። አቶ ሱልዶሎ አባቴን አስነሡት።

አባቴ ቆመ። «እኔ ኤርጫፎ ነኝ» አለ። «አባቴ ላቴቦ። አያቴ ሄራሞ።» እዚህ ላይ ሳሉን ጠበቅሁ። አልሳለም። «ከዚህ በላይ አላውቅም» አለ። «ቦራ የሚባል አባት የለኝም። ልጄ ናት የፈጠረችው። እኔም አምኜ ዓመት ሙሉ ቆጥሬባችኋለሁ። ይቅር በሉኝ።»



መጀመሪያ የተናገሩት ባለባርኔጣው ናቸው። «የበሬውስ ነገር? የበሬውን ጠብ እኮ እኔ ከአባቴ በጆሮዬ ነው የሰማሁት!» ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሯል።

«እውነት ነው?» አሉኝ አቶ ሱልዶሎ።

«እውነት ነው። ዋሽቻለሁ።»

«ለምን?»

«ማርቆስን ማግባት ስላልፈለግኩ» አልኩ። ዓመት አልፎት፣ ሦስት መቶ ሰው ፊት።

እትዬ ጡሩነሽ ከሴቶቹ መሐል ተነሥተው፣ «ለእኔ ማንም አልዋሸኝም!» አሉ። «እኔ በአፍ አላመንኩም፣ በእግር ነው ያመንኩት። ኤርጫፎ፣ እግርህን አውጣ!» ወንድማቸው አቶ ሀንዲኖ በምልክት አስቀመጧቸው።

አቶ ሱልዶሎ ደግሞ በጣታቸው አየሩ ላይ እንደሚጽፍ ሰው ሲያስቡ ቆይተው፣ «እንግዲያውስ» አሉ፣ «ደም ከሌለ ዝምድና የለም። ዝምድና ከሌለ ያኔ ጉዳዩን የዘጋነው ያለ ምክንያት ነው። ስለዚህ በሕጉ ከሄድን የልጆቹ ነገር እንደተከፈተ ነው።»

እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ድንኳኑ በሙሉ አሁን ወደ ማርቆስ ዞረ። አንዳንዱ ፈገግ ማለት ጀምሯል፤ ምሳውስ ተሠርቷል፣ ዘመዱስ ተሰብስቧል።

ማርቆስ ከጥጉ አልተነቃነቀም። «አልፈልግም» አለ።

በቃ፣ ይህችው ናት። ድንኳኑ አልወደቀም። ማንም ለምን አላለውም። አቶ ሱልዶሎ «መልካም» አሉና ተቀመጡ።

አቶ ሀንዲኖ ተነሥተው ወደ አባቴ ሄዱ። አባቴ ቆሞ ነው፤ መቀመጫው የት እንደሆነ የጠፋበት ሰው ይመስላል። ፊት ለፊቱ ቆመው ብዙ አዩት። «ኤርጫፎ» አሉት፣ «ዝም ብለህ ብትቆጥር ድርሻ ነበረህ። አሁን ድርሻ የለህም። ምሳ ግን አለህ፤ ና ከእኔ ጋር ተቀመጥ።» እጁን ይዘው ከጎናቸው አስቀመጡት። ሳህን መጣ፣ መጀመሪያ አባቴ ፊት ቀረበ። ባለባርኔጣው ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ጠየቁት፤ አባቴ አሰብ አድርጎ መለሰላቸው።

እኔን ተቀመጪ ያለኝ የለም። ስገባ ያወለቅሁት ጫማዬ ድንኳኑ በር ላይ ነበር። እትዬ ጡሩነሽ እግሬን እስከ መጨረሻው እያዩት ጫማዬን አደረግሁ፤ ከግቢው ወጥቼ ወደ ሆሳዕና መኪና ሄድኩ።